ደብዳቤ በቀንድ አውጣ

ልጄ ቤኔዲታ፣ ስድስት ልትሞላ
ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ ማታ፣ ከራት በኋላ፣
መጽሐፏን አምጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለች፤
«ልደቴ እንደዚህ ነው፤ ልክ እንደዚህ» አለች።

ጠርዙ የተላጠ፣ ጀርባው የተሰፋ፤
ታሪኩ፦ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ፖስተኛ፣ ቀን ሌት የሚለፋ፣
ለጨረቃ የተላከ ደብዳቤ ተሸክሞ
ከጎመን ማሳ እስከ ዳገት፣ አዝግሞ፣ አዝግሞ።
የመጨረሻው ገጽ ግን የለም፤ ተቀዷል።
ደብዳቤው ይድረስ ይጥፋ፣ ማን አይቷል?

ሁሉን እንዳልገዛው ኪሴ ያለው ነፋስ ነው፣
የፔኒሼ ነፋስ፣ ጨው ጨው የሚለው።
ግራሲንዳ ሚስቴ ከሰርዲን ፋብሪካ ስትመጣ
ካርቶን ይዛ ትገባለች፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ።
ቆረጥን፣ አጣበቅን። ቀለም ቀባን፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
አሁንም ሰርዲን ሰርዲን ይላል የጎመን አትክልቴ።
የሰፈሩ ድመት ሁሉ ወሬውን ሰምቶ
ደጃፌ ተኮልኩሏል፣ ሳንጠራው፣ ቀድሞ መጥቶ።

የምንጠራቸውን በጣቷ ቆጠረች።
ዘጠኝ ላይ ደርሳ ቆመች፤
ቀሪዋን ጣት አየቻት። «ኢቮም» አለች።
ኢቮ ማለት፣ ቤተሰቡ ከወደቡ ማዶ በቅርብ የገባ፣
ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ብቻ የተግባባ።
«ይመጣል ወይ?» ብላት፣ ትከሻዋን ሰበቀች፤
«የኔ ሥራ መጥራት ነው፤ መምጣት የሱ» አለች።

ጥሪውን በእንቁላል ነጭ ከዳር እስከ ዳር ቀባነው፤
ሲደርቅ አብለጨለጨ፤ የቀንድ አውጣ ዱካ ነው።
በእጅ እንስጥ አልኳት። «ፖስታ ነው!» ብላ ተቆጣች፤
ሦስት መንገድ ለሚርቅ ሰው ቴምብር አስገዛች፤
ከእውነተኛው ጎንም የራሷን ለጠፈች፣
በእርሳስ የሣለቻት ጨረቃ፣ አፍንጫ ያበቀለች።

ሩጫም አለ። ሕጉን እሷ ነች ያወጣችው፤
ከሁሉ ኋላ የደረሰ ነው የሚያሸንፈው፤
ሽልማቱም ቀይ ፊሽካ ነው።

ቅርፊቱ ነበር ያስቸገረኝ። በምን ይሠራል?
ሦስት ሌሊት አሰብኩ። ካርቶን ይሰበራል፣
ጨርቅ ይወድቃል።
ጀልባዬን የሸጥኩ ዕለት፣ ወገቤ ስለከዳኝ፣
አንድ ገመድ ደበቅሁ፤ ለምን እንደሁ አልገባኝ።
ግራሲንዳ ስትጠይቅ፣ «ለልብስ ማስጫ» ብያት ነበር፤
አርባ ሜትር! የሦስት ሰው ልብስ ያን ያህል መች ይበዛ ነበር!
ትናንት አውጥቼ ወለሉ ላይ ጠቀለልኩት፣
ዙር በዙር፣ ዙር በዙር። እጄ አልረሳም፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።
ሲያልቅ ቅርፊት ሆኖ አረፈ፣
ጨው ከላዩ እየረገፈ።
ግራሲንዳ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤
ስለ ልብስ አላነሳችብኝ።

ኬኩ ጨረቃ ሊሆን ነበር፤ መሐሉ ሰመጠ።
ልቤ አብሮት ወረደ። የልጅቱ ፊት ግን በሣቅ ተገለጠ፤
«ጨረቃ ጉድጓድ አላት እኮ!»

የተቀደደውን ገጽ ልጽፍላት ብዬ
ሦስት ዓይነት ጻፍኩና ጣልኩት ጠቅልዬ።
«ተወው» አለችኝ። «ገና ሳይደርስ እንዴት ይጻፋል?»

ቅዳሜ ዘነበ። ዘጠኙ መጡ፤ ድመቶቹ አብረው ገቡ።
ሻማው ጠፋ፤ ልጆቹ ኬኩን ከበቡ።
ማርሲያል ከሁሉ ኋላ ዳኸ፤ ፊሽካውን ወሰደ፤
ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ፤ ጆሯችንን ቀደደ።
ሊበተኑ ጥቂት ሲቀራቸው
በር ተንኳኳ።

ኢቮ። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።
ፖስታውን በሁለት እጁ ይዟል።
«ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ» አለ፣ ለጫማው።
የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያረፈው
አፍንጫ ያላት ጨረቃ ላይ ነው።

ቤኔዲታ ፖስታውን አየች፤ እሱን አየች፤
ሄዳ ከማርሲያል አፍ ፊሽካውን ነጠቀች።
«ሕግ ሕግ ነው!»

ከኬኩ የቀረው ጠርዙ ነበር፣ ቀጭን፣ እንደ አዲስ ጨረቃ።
በሳህን ሰጠሁት።
ገመዱ ላይ ተቀምጦ በላ፣
ቀስ ብሎ።