የናፍጣ መዋጮ

ደወሉ ተመታ። አንድ ዙር ቀረ።
እግሬ ከወንበሩ ሥር ጫማ መፈለግ ጀመረ።
ልጄ ናሆም ያየኛል፣
«እማዬ፣ ደሞ ልትወጪ ነው?» ይለኛል።
አልወጣም። ዛሬስ አልወጣም።
ጉልበቴ ግን ምክር አይሰማም።

ያኔ የቡሬ መብራት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት፣
ከዚያ ወዲያ ኩራዝ፣ ከዚያ ወዲያ ጸሎት።
ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ግድግዳው ባዘመመ ቆርቆሮ ቤት፣
አባቴ አንማው ነበር ሞተሯን የሚያስነሳት፤
እጀ ጥቁር፣ አንገቱ ድረስ ናፍጣ የሚሸት።

በዚያ ነሐሴ ሩጫው አራት ተኩል ላይ ሆነ።
ከተማው መከረ፣ አኮረፈ፣ ለመነ፤
ኋላ ግን ኪሱን ፈትሾ አዋጣ፦
ሥጋ ሻጩ ደመላሽ አንድ ጀሪካን ናፍጣ፣
እትዬ ሙሉዓዳም ከጠላው ሽያጭ አሥራ አምስት ብር፣
ቄሰ ገበዙ እንኳ «ለኳስ ቢሆን አልሰጥም ነበር»
ብለው፣ ከቀሚሳቸው ኪስ ሦስት ብር።

ቴሌቪዥን ያለው አንድ ሰው፣ ሾፌሩ ስማቸው፣
ባለ በር ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያኖራት፣ ቁልፉን ባንገቱ ያንጠለጠለው።
አንቴናዋ ባሕር ዛፍ ላይ፤ ነፋስ በነቀነቃት ቁጥር
ሯጮቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ ከጥላው ጋር።
ሰው በመስኮት፣ ሰው በሰው ትከሻ።
ያልነበረው አባቴ ብቻ።
ሞተሯ ስትግል ውኃ እያፈሰሰባት፣
ለሁሉ ብርሃን ልኮ፣ እሱ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ነበር ያለበት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደወሉ ሲመታ አሰብኩ፤
ማንም ሳይቀድመኝ እኔ ልንገረው አልኩ።
በሰው እግር መሃል ሾለኩ፣
ጭቃውን፣ ጨለማውን፣ የእነ ሽታዬን ውሻ አለፍኩ፣
ባንድ ጫማ፤ ሌላው ድልድዩ ጋ ቀረ።
ግማሽ መንገድ ስደርስ ከኋላዬ
ከተማው በሙሉ ጮኸ።

ጩኸት ከሩቅ ፊት የለውም።
ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም።
እኔ ግን መረጥኩ፤
«አባዬ፣ አሸነፍን!» ብዬ ከሞተሯ በላይ ጮህኩ።

አነሳኝ። ጉንጬ ላይ አምስት ጣት ጥቁር ማኅተም አሳረፈ፤
ዘለለ፣ በርሜሉን ደበደበ፣ ጣሪያውን በራሱ ገጨ፣ ለፈለፈ፤
ከዚያ፣ ሥራው አልቋልና፣ ሞተሯን አጠፋ።
ቡሬም በአንድ ትንፋሽ ጠፋ።

ለካ መስመሩ ላይ፣ በደረት ስፋት፣ ተቀድመን ኖሯል።
በጨለማ የቀረው ሰው «አንማው ተናዶ አጠፋው» ብሏል፤
«እሱስ ወንድ ነው! ሐዘኑን እንኳ ለከተማ ያካፍላል።»
በማግሥቱ ገበያ ሰማ። እኔን ምንም አልጠየቀኝ፣
ቤት ገብቶ ጫማ የሌለውን እግሬን በሙቅ ውኃ አጠበልኝ።
ለጠየቀው ሁሉ፣ «እኔ ጋ የደረሰው ወሬ ሌላ ነው» ይላል።
አባቴ እስኪሞት ድረስ
ያንን ሩጫ አሸንፈነዋል።

ዛሬ ሞተር ቤቱ የባንክ ቅርንጫፍ ነው።
የእኛ ቴሌቪዥን የቁም ሣጥን ያህላል፣ ወንድሜ ከባሕር ዳር የላከው።
የጎረቤት ዲሽ ግን በአምስት ትንፋሽ ይቀድመናል፤
እኛ ጋ ገና ኩርባው ላይ ናቸው፣
ማዶ ቤት ጩኸቱ ፈንድቷል።
ናሆም ራሱን ያዘ፦ «አበላሹብን!
እማዬ፣ የምን ጩኸት ነው? አሸነፍን?»

እግሬ አንዱን ጫማ አግኝቷል።
ባንኩ በር ላይ ዘበኛ አለ፣ ካቦርቱን ደርቦ ቆሟል፤
«የማንን ልጅ ነሽ?» ቢለኝ ምን እለዋለሁ?
ሄጄ ለማን እነግራለሁ?
መስኮቱ ውስጥ ሦስቱ ገና ይሮጣሉ፣
ቀሚስ አጣፊ ነፋስ ያለ ይመስል ወደፊት ያዘነብላሉ።

«አዎ» አልኩት፣ ዓይኔን ሳላነሳ፣
ባንድ ጫማ ቁጭ እንዳልኩ።