የምዝገባ ቀን በሰርቦ

ከሰርቦ ትምህርት ቤት፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ቅዳሜ ተሰልፏል የአገሩ ምንሽር፤
ጓንዴው በቅቤ ታሽቶ፣ ዲሞፍተር ተወልውሎ፣
አልቤን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ።
አንዱ የአንዱን ያነሳል፣ ይመዝናል በእጁ፣
«ስንት በሬ አወጣ?» ይላል ለወዳጁ።
አንድ ጎረምሳ ብቻ፣ አዲስ ክላሽ ታጥቆ፣
ከዳር ቆሟል፤ ሰዉ ያልፈዋል ተጠንቅቆ።

አጎቴ አባ ዲጋ፣ ጺሙን ሂና ነክሮ፣
የሰርጉን ኮት ለብሶ፣ ደረቱን ወጥሮ፣
ውጅግራውን አኖረው ከጠረጴዛው ላይ፤
መዝጋቢዋ ኢክራም ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ብታይ—

ቁጥሩ የለም።
መዳፍ በልቶታል፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ።
ከጅማ የመጣው ፖሊስ አቀባበለው፤
ምላጩን ሳበ። ዝም።
«አባቴ፣ መርፌ የለውም እኮ!»
ኢክራም ጻፈች፦ «የማይሠራ»።
ሰልፉ ሳቀ።
አጎቴ ኮቱን ቆለፈ። ወጣን።

በመንገድ ዝናብ ጣለ፤ ባጃጅ ሁሉ አለፈን፣
ጠመንጃና ሽማግሌ ማን ደፍሮ ይጫነን?
«መርፌው ጠፍቶ ነው?» አልኩት።
«ምን ይጠፋል!» አለኝ።
«ሙዘይን ልጄ ያን ለት፣ በወሰን ተጋጭቶ፣
‹ይንጋ ብቻ!› እያለ ሲፎክር አምሽቶ፣
እስኪተኛ ጠብቄ እኔው ነኝ ያወለቅሁ፤
እንዲህ እንደሚሳቅብኝ ያኔውኑ አወቅሁ።»
«መርፌውስ?»
«አክስትህ ትሰፋበታለች ሰፌድ፤
ደህና ወስፌ ወጣው።» ብሎ ቀጠለ መንገድ።

ዝናቡ ሲበረታ፣ አፈሙዙን በመዳፉ
ከድኖ ያዘው፣
ውሃ እንዳይገባ በአፉ።