ጥቅል ጎመን

የካቲት ነው። ግዲኒያ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ወደቡን ጭጋግ ውጦት ዳርቻው አይታወቅ፤
መርከብ ሲጮህ ብቻ ነው ባሕር መኖሩን ማወቅ።
ሳምንቴ ነው ዛሬ ልጄን ከወለድኩኝ፣
ሰባት ቀን በሙሉ ቆሜ እየበላሁኝ፣
ወንበር እንደ ባላንጣ በሩቅ እየሸሸሁኝ።

ጠያቂ መጣ፤ ደግሞ ሌላ መጣ፤
«እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የገባ፣ የወጣ፣
ጫማ ያወለቀ፣ ሻይ ያስፈላ፣ የጠጣ፤
ዳክዬ ያለበት ቱታ። አሥራ አንድ ቆጠርኩኝ።
አሥራ አንዱም ዳክዬ አፍጥጦ እያየኝ፣
ልጄን ከእቅፍ እቅፍ ሲቀባበሏት
እኔ ማን ነበርኩኝ? እሷ የመጣችበት
በር፤ አልፈው የሄዱት፣ ዞረው ያላዩት።

አራስ ነብር ይላል፣ ያልወለደ ተረት፤
ደረጃ የሚያስፈራው፣ ሽንት ቤት ሲገባ
ፎጣ ነክሶ የሚያለቅስ፣ ምን ዓይነት ነብር ነው?

ሰባተኛው ማታ ደወሉ ጮኸ።
ቦጉሚላ ናት፣ ከታች ያለችው ጎረቤት፤
በስድስት ዓመት ሦስቴ ያነጋገረችኝ ሴት።
(ሦስቱም ጊዜ ነገሩ የቆሻሻው በርሜል ነበር፤
ክዳኑ ይዘጋ፣ ድመት እንዳይዳፈር።)
ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ደጇ ላይ ያለው
የመርከብ ሥራ ቦቲ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሕፃኗን አላይም፤ ተኝታ ይሆናል፤
ይሄ ላንቺ ነው» አለች። ላንቺ! ይገርማል፤
ሰባት ቀን ይህን ቃል ማን አፍ አውጥቶታል?

ከረጢቱን ፈታሁ፣ ቆሜ፣ እንደለመድኩት፤
አንዳንዱን አወቅሁት፣ አንዳንዱን አሸተትኩት፦
አንገተ ቆልማማ የላስቲክ ጠርሙስ፣
ለብ ባለ ውሃ ስፌቱን የሚያርስ፣
ሽንት እንደ በርበሬ ሲለበልብ የሚያደርስ፤
ወፋፍራም ሞዴሶች፣ «ፍሪጅ ክተቻቸው»
የሚል ቁራጭ ወረቀት የተለጠፈባቸው፤
የጡት ጫፍ ቅባት፤ ለሳፋ የሚሆን ጨው፤
እስከ እምብርት የሚደርስ ሰፊ የውስጥ ሱሪ፣
ውበት ያልጠየቀው፣ አስጠሊ፣ አኩሪ፤
መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ የጎማ ትራስ።
ነፋሁት። ተቀመጥኩ። በሳምንቴ፣ እንደ ንጉሥ፣
አነባሁ፣ አነባሁ፣ አገጬ እስኪርስ።

ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ አፈር ያልለቀቀው፣
አንድ ጥቅል ጎመን። «ይሄስ ለሾርባ ነው?»

«ጡትሽ ሲያግት» አለች፣ «ድንጋይ ሲሆንብሽ፣
ቅጠሉን ከፍሪጅ አንድ ሁለት ገንጥለሽ፣
ወፍራሙን ደም ሥሩን በጠርሙስ ዳምጠሽ
ጡት መያዣሽ ውስጥ ክተችው፣ ጋደም በዪበት።
ለጥቂት ነው ታዲያ። አደራ፣ አታብዢበት።
ብዙ ከቆየማ...»
                        ቆመች። የኮቷን ቁልፍ ያዘች።
ከላይ እስከ ታች ቆለፈች። ደግማ ፈታች።
«ብዙ ከቆየማ ወተቱን ያደርቃል።
በአራት ቀን፣ በአምስት ቀን፣ ጨርሶ ይጠፋል።»

እንዴት አወቅሽ ልላት አፌን ከፈትኩና
የኮሪደሩ መብራት በራሱ ጠፋና
ጨለማው ውስጥ ቆምን፣ እሷም እኔም ዝም።
የስንት ዓመት ክረምት? አልጠየቅኋትም።
ክንድ ባዶ ሲመጣ፣ ለጡት ማን ይነግራል
የሚጠባሽ የለም፣ ይብቃሽ ማን ይላታል?
ያን ጊዜ ጎመኑን ማን አመጣላት?
ወይስ ራሷ ወርዳ ገበያ ገዛች፣
ለሾርባ ነው ብላ ለሻጯ ዋሸች?

መብራቱ ሲመለስ ደረጃው ላይ ነበረች።
«በርሜሉን» አለችኝ፣ ሳትዞር፣ «ክዳኑን አትርሺ።»

ሌሊት ራዴክ መጣ ከወደብ ሥራው፣
ብየዳ ብየዳ የሚሸት ጃኬቱን ሰቀለው፤
አፍንጫውን ነፋ፣ «ምን እየበሰለ ነው?»
«እኔ» አልኩት።
                  ሳቀ። ሳቅኩ። ስፌቴ አመመኝ።

ሰዓት ሞልቼ ነበር፤ ሲጮህ ብድግ አልኩኝ፣
የጠወለገ፣ የሞቀ ቅጠሌን አወጣሁት።
በርሜሉ ድረስ፣ በዝግታ፣ ደረጃ በደረጃ ወረድኩበት፤
ክዳኑን ዘጋሁት።
ስመለስ ልጄ አለቀሰች፣
እኔ ሳልደርስ ቀድሞ
ሸሚዜ ራሰ።