ውኃው መቼ ይሸሻል?

ረቡዕ ጠዋት ነው። ከጀልባ ማኅበሩ ሰሌዳ
ስሜ ሲጠራ ወጣሁ፤ ቆማ ጠበቀችኝ አንዲት እንግዳ፤
ዘጠኝ ቦታ የተጻፈበት ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ፣
ለእያንዳንዱ ደቂቃ መድባ፣ ከጎኑ በእርሳስ ጽፋ።
«ሳያዩት እንዳይሄዱ» ይላል ርዕሱ፤
ግማሽ ቀን ነው ያላት፤ ዘጠኙ እንዴት ይዳረሱ?

ስሟ ኖልዌን ነው፤ አገሯ ከፈረንሳይ ጫፍ፣ ብሬታኝ።
«የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ስትል ሳቅ አመለጠኝ፤
«እኔስ የየት መሰልኩሽ? እኔም የባሕር ዳር፤
እትብቴ ሽምብጥ ነው የተቀበረው፣ ከደንገሉ ሥር።»
ሁለት ባሕር ዳር በአንድ ቃል ውስጥ እስኪለያይ
ጥቂት ቆየን፣ እኔና እሷ ዐይን ለዐይን ስንተያይ።

ሞተሩ ሦስቴ አስሎ በአራተኛው ተነሣ፤
ወደቡ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከነጥብሱ አሣ።

አንደኛ፣ የአባይ መውጫ። «ጉማሬ ይታያል» ይላል ወረቀቷ፤
ጉማሬ ወረቀት አያነብ፤ አልወጣም በሰዓቷ።
በእሱ ፈንታ አንድ ፔሊካን፣ ከረጢት አገጩን አንጠልጥሎ፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ አየን፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቀለል ብሎ።
ውኃው እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤
ሐይቅነቱን ጥሎ ወንዝ ለመሆን ይቆርጣል።
ማንም አያጨበጭብለት።

ሁለተኛ፣ ዘጌ። ከዱሩ ጥላ ሥር እርጥብ አፈር ይሸታል፤
መሪጌታው በመቋሚያቸው ጫፍ ግድግዳው ላይ ያሳዩናል፦
ፈርዖን ከነሠራዊቱ፣ ከነፈረሱ ሲሰጥም፣
ማዕበሉ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ አንዱም ከአንዱ ሳይቀድም።
ሥዕሉ ሥር ቆመች፤ የመደበችው ደቂቃ አለቀ።
«ይህን የሣለው ሰው ባሕር አይቶ ያውቃል?» አለች።
«አይመስለኝም» አልኳት፤ «ግን ፈርቶ ያውቃል።»

ሦስተኛ፣ ክብራን። ደሴቱ ጥግ ሞተሬን አጠፋሁ።
«ሴት አይገባም» ስል ሺህ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሺህ ጊዜ አፍሬያለሁ።
ሌላው እንግዳ ይቆጣል፤ ወይ ፎቶ ያነሣል ከሩቅ።
እሷ ግን ባርኔጣዋን አውልቃ፣ እጇን ነከረች ሐይቁ ውስጥ ዘልቃ፣
ጣቷን ቀመሰች፤ አንድ ነገር የጠፋባት መሰለች።
«ጨው የለውም» አለች።

ከዚያ አወራችኝ፣ እኔ በተሰባበረ፣ እሷ በተጠጋገነ ቋንቋ፦
አባቷ መረብ ጣይ ነበር፤ ባሕራቸው አመለኛ፤
በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ጀልባ ሁሉ በጎኑ ጭቃ ላይ ይተኛል፤
ሴቱ ባልዲ ይዞ ይወርዳል፣ ዛጎል ይለቅማል፤
ከዚያ ውኃው ይመለሳል፣ ቁልፍ ረስቶ እንደ ወጣ ሰው።
«የእናንተስ» አለችኝ፣ «መቼ ነው የሚሸሸው?»

በሃያ ዓመት ጀልባ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
ሁሉም የሚጠይቀኝ ስፋቱን ነው፣ ጥልቀቱን ነው፣
አዞ አለ ወይ? ነው።

ስድስቱን ቦታ ትተን ወደ ወረሚት አዞርኩ፣
የአጎቴ ሚስት እማዋይሽ ከምታርስበት ደረስኩ።
«የኛ ውኃ ቀስ ይላል» አልኳት፤ «በዓመት አንዴ ነው መንገዱ፤
ከኅዳር ጀምሮ ሲያፈገፍግ፣ ገበሬ ይከተለዋል በየጓዱ፤
እሱ እግሩን ሲያነሣ እኛ ዘር እንጥላለን፤
ሰኔ ሲመጣ ርስቱን ሊጠይቅ ይመለሳል፣ እኛም እንለቃለን።
ክስ የለም። ዳኛ የለም።»

ጥር ነበር። ሽምብራው እሸት ይዟል።
እማዋይሽ «ደግሞ ማንን አመጣህ?» አለች፣
መልስ ሳትጠብቅ አንድ እቅፍ ከነሥሩ ነቀለች።
እንግዳዬ ፍሬውን ልትፈለፍል ቅጠሉን ስትነካ፣
ጤዛው ጣቷ ላይ ቀረ፤ ወደ አፏ ወሰደችው ሳታስበው ለካ፤
ቆመች። እንደገና ላሰች፣ አሁን እንደ ልጅ፣ መዳፏን ሙሉ።
«ጨው!» አለች።
የሽምብራ ቅጠል ጨው ጨው ማለቱን እኔ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤
ግን ተገርሜበት አላውቅም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይቆጣኛል ማታ፦
«ጢስ አባይን ሳታሳይ? ከዘጠኝ ሦስት ቦታ?»
ይቆጣ።
እርሳሷን አውጥታ፣ ከዘጠነኛው ሥር አሥር ብላ ጻፈች፤
«የዚህ ቦታ ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።
እማዋይሽን አየኋት። እሷም እኔን አየች።
«ስም የለውም» አልኳት፤
«በሰኔ ሐይቅ ነው።»