ናሙና ቁጥር ዐሥራ አራት

ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ገና ሳይነጋጋ፣
አሊጋዝ ታንኳውን ከደንገሉ አስጠጋ፤
እኔ ጠርሙሶቼን፣ ኦክስጅን መለኪያ፣
እሱ አንድ ረጅም የሸንበቆ መቅዘፊያ።
ከባሕር ዳር በታች ዓባይ ቆሟል ዝም፣
ዝናብ አልመጣለት፣ በሩም አልተከፈተም።

ከፊታችን ስድስት ጥቁር ድንጋይ አለ።
አንዱ ድንጋይ ጆሮ አወጣና «እፍፍ» አለ።
«ቀስ በይ» አለኝ አሊጋዝ፣ «እናትየው ወልዳለች፤
አራስ ነብር ይላሉ፤ ነብር ምን ታውቃለች?»

ጠርሙሴን ነከርኩት፤ ሽቦውን አወረድኩ፤
ሁለት ነጥብ አንድ። ደገምኩት። ጠበቅኩ።
ሁለት ነጥብ አንድ። ለትንፋሽ አይሆንም፤
ለቀረሶ አይበቃ፣ ለነጭ ዓሣ አይታሰብም።
አምባዛ ብቻ ነው ጭቃ ለብሶ የሚኖር፣
እሱም አፉን አውጥቶ ከሰማይ የሚበደር።

ባለፈው ሳምንት ነው ከቢሮ የታዘዝኩት፤
«ውሃውን ያበላሸው ምንድን ነው?» የሚል ቅጽ የተቀበልኩት።
ቅጹ ላይ ሳጥን አለ፤ «ምክንያት» ይላል ከላይ፤
አለቃዬ በእርሳስ «ጉማሬ» ብሎበታል፣ እኔ ገና ሳላይ።

ውሸትም አይደለም። ሌሊት ይወጣሉ፤
የደርሰህን በቆሎ፣ የሜዳውን ሣር ያጭዳሉ፤
ጎህ ሲቀድ ይገባሉ። ጅራታቸው መንሽ ነው፤ የበሉትን ሁሉ
ግራና ቀኝ ዘርተው ውሃ ያለብሳሉ።

«ድሮ ግን» አለ አሊጋዝ መቅዘፊያውን አጋድሞ፣
«ይህ ፋንድያ ነበር የዓሣ ጫጩት ቀለብ፣ ወንዙ ሲሄድ ቀድሞ።
በሄዱበት ሁሉ ደንገሉ ይከፈታል፤
በዚያች በር ውሃ ይገባል፣ ቀረሶ ይፈለፈላል።
አያቴ መረብ ሲጥል ፍለጋ አይለፋ፤
የጉማሬ ዱካ ይዞ ነው፤ ዓሣ ከዚያ አይጠፋ።»

አያቱ ግን ወጊ ነው። ወይጦ ነው። ሥጋውን
በልቶ፣ ቆዳውን ሸጦ ይከፍላል ግብሩን።
ቆዳው ተተለተለ፣ ተገመደ፣ ደረቀ፤
አለንጋ ሆነና ገበያ ላይ ታወቀ፤
ስሙ ግን አልተለወጠም፣ ያው ጉማሬ ነው።
አንድ ቀን በጭቃ ሹም እጅ ተመልሶ፣
ዐረፈ በአያትየው ጀርባ ላይ ጮሆ፣ አልቅሶ።
«ጉማሬ የገደለ በጉማሬ ተገረፈ»
አለና ሳቀብኝ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ዐረፈ።

ከኋላችን ከተማው ነቃ። ከሆቴሉ ቱቦ
አረፋ ይወርዳል፣ ነጭ፣ ተደራርቦ።
እምቦጩም ከሐይቁ በነፋስ ተገፍቶ
ደርሷል፤ አበባው ወይን ጠጅ፣ ሥሩ እንደ አጥር ገብቶ።
«ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ» ይሉ የነበሩ
አባቶች፣ ተረቱ አረም ሆኖ እንደሚበቅል መች ጠረጠሩ?

በሩ ተዘግቶ ነው። ወንዝ ካልተጓዘ
የያዘው ሲሳይም እጁ ላይ መረዘ።
ይህን ግን በየትኛው ሳጥን ልጻፍ?
የሳጥኑ ስፋት ሁለት ጣት አያልፍ።
የአለቃዬን እርሳስ በላጲስ አጠፋሁ።
«መቆም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ተውኩት፤ ጠርሙሴን አነሣሁ፤
በደለሉ መሀል፣ ከሩብ ጥፍር ያነሰች፣
አንዲት ቀንድ አውጣ መስታወቱን ትወጣለች።

«ጨረስሽ?» አለኝ። አልጨረስኩም ነበር።
ሽቦው ውሃ ውስጥ ነው፣ ከታንኳው ግድም ዳር።
እናትየው አዛጋች፤ ታንኳው ተናወጠ፤
ግልገሉ ከጀርባዋ ወርዶ ውሃውን ወቀጠ፣

እምቦጭ!

ቁጥሩን አየሁት።
ሁለት ነጥብ ሦስት።