ትርፍ ጎማ

ጎሚስታ ነኝ እኔ፣ ቱሉ ዲምቱ መውጫ፣
ደጄ ሜዳው ሁሉ የሲኖ መገልበጫ።
በሳምንት ስድስት ቀን የሰው ጎማ እነፋለሁ፣
እሁድ ግን ለክለቤ ኳሷን እሞላለሁ፤
ሳንቲም አልቀበልም፣ የኔ መዋጮ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤
ሜዳው ሳር ሳያበቅል፣ መረቡ ሳይሰፋ፣
በዚያ የጥቅምት ብርድ ከዳር ስንጋፋ።

ከዚያ አቶ ባንትይርጋ፣ የብሎኬቱ ጌታ፣
ክለቡ ሊዘጋ ሲል ደረሰ በማታ።
እውነቱን ልናገር፤ ዕዳችንን ከፈለ፣
ማልያ አለበሰን፣ አውቶብስ ገዛልን፣ "አይዟችሁ" አለ።
መረቅነው በጭብጨባ፣ ቆመን ዳር እስከ ዳር፤
እኔም እጄን አንስቻለሁ፣ አልደብቅም ነገር።

ምነው ከፋይ ብቻ ሆኖ በቀረልን!

ባመቱ መልማዩን "ደሞዝ በላ" አለና፣
ቡድን መሪውንም አሰናበተና፣
ሥራ አስኪያጁም እሱ፣ ገዢም ሻጭም እሱ።
ተጫዋች ሲመርጥ ባቱን ጨበጥ ያረጋል፤
"ሞዴሉ የስንት ነው? ስንት ኩንታል ይጭናል?"
ገመቹን፣ ያን ግራኝ፣ መስመር ላይ የሚበረውን፣
"ትርፍ ጎማ" ብሎ
ባሮጌ ጄኔሬተር ለወጠው ልጃችንን።
ጄኔሬተሩማ አለ፤ ጥግ ይዞ ያጓራል፤
ስንት እንደገባብን በደንብ ያሳየናል።

በገመቹ ፈንታ አንድ ዘንካታ መጣ፣
ከስልክ ቪዲዮ የወጣ።
ሦስት ጎል ነው ሲለን፣ ቆይተን ስንቆጥር፣
አንድ ጎል ነበረች፣ በሦስት ካሜራ የምትዞር።

ሽንፈትስ ይለመዳል።
የሚያንገበግበን፣
አሰልጣኝ በላቸው እጁን ኪሱ ከትቶ፣
ባለቤቱ ሲቀይር ከወንበር ተነሥቶ፤
ተመላላሹን ወደ መሀል፣ አጥቂውን ወደ ኋላ፤
ብሎኬት ሲደረድር የኖረ ሰው ምን ያውቃል ሌላ?
ወይዘሮ አስካለች እንኳ፣ በር ላይ ትኬት ስትቆርጥ፣
"ተቀምጦ ለመናደድ ሃምሳ፣ ቆሞ ሠላሳ" ትላለች፣ ሳትስቅ።

ባለፈው እሁድ ማታ፣ አራት ለባዶ ተገርፈን፣
ሱቄን ልዘጋ ስል ኮምፕረሰር አጥፍቼ፣
አውቶብሱን አወቅሁት፣ ሲያነክስ ሰምቼ።
ራሱ ነው የነዳው፣ ሾፌሩንም አባሮ፤
ወረደ በጭቃው፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ አዙሮ።
ልጆቹ በመስኮት፣ ጭቃ እንደለበሱ፤
ጎማው ነው የተነፈሰው፣ ዝም ብለዋል እነሱ።

"ቀዳዳው እዚህ ነው" ብሎ ጣቱን ተከለ።
"ጌታዬ፣ ውሃ ይየው፤ ውሃ መቼ አታለለ?"
ካላማዳሪውን አውጥቼ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት፤
አረፋው ከጣቱ አንድ ክንድ ርቆ ሲፈላ አሳየሁት።
አየው። ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ በገዛ ዓይኑ አየው።
"እዚህ ጋ ነው አልኩህ! ማነው ባለቤቱ?"
ጣቱን መልሶ ጫነው።

እልህ ያዘኝ በእውነት።
እሱ ያለውን ብቻ ለጥፌ ልሸኘው?
ቂሊንጦ ሳይደርስ፣ ጨለማው መሀል፣ ትምህርቱን እንዲያገኘው?
ግን በረኛው ፈይሳ፣ ግንባሩን መስታወት ላይ ጥሎ፣ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤
በሚከዳ ጎማ እሱን እንዴት ላሳፍር?

ሁለት ፓች ለጠፍኩ፤
አንዱን ለቀዳዳው፣
አንዱን ለጌታው ጣት።
ነፋሁት። ያዘ።
"አላልኩህም?" አለኝ፣ ትከሻዬን መትቶ፣
መልሱን ሳይቀበል ሄደ መብራት አብርቶ።

እሁድ ደግሞ ኳሷን ነፍቼ እሄዳለሁ፤
ሠላሳዬን ይዤ፣
ቆሜ አያለሁ።