አርባኛው

ሐኪሟ በእርሳስ ጻፈችው፣ «ከአርባ አንድ» ብላ፣
ሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ሳታውቅ፣ በጣቷ ቆጥራ፣ እንደ ሕፃን አባብላ።
«ደም ብቻ ነው፣ ከክንድሽ፤ ትርፍ ክሮሞዞም ካለ ይለያል፤
አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ ይሄዳል፤
ቢበዛ ሦስት ሳምንት።
ግዴታ የለብሽም፤ ተማከሪበት።»
ዋጋውን ስትጠራ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች፣
የሦስት ወር ደሞዜን በአንድ ትንፋሽ ቆረጠች።

ሰኞ ዘጠነኛ ቢ ገባሁ። ስልሳ ሁለት ናቸው።
ጠመኔ እንደያዝኩ፣ ከበሩ ጀምሬ በዓይኔ ቆጠርኳቸው፤
አርባኛው ላይ ስደርስ
ሙባረክ ሆኖ ተገኘ፣ ከዴስኩ ሥር ሽምብራ የሚቆረጥም ቀስ በቀስ።
አየኝ። አላመጠም፣ አልዋጠም፤
እኔም ቆሜ ቀረሁ፤ አልተቆጣሁትም።
ከግድግዳው ብጀምርስ? ሌላ ልጅ ነው አርባኛ፤
ከመስኮቱ ብጀምር፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ ያቺ እንቅልፈኛ።
ዕድል ማለት፣ እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩት፣
ለካ ከየት እንደሚቆጠር አልነገርኳቸውም፤ እኔም አላወቅኩት።

ማታ ለሸምሱ ነገርኩት። የበርጩማ እግር ይጠርባል።
መሮውን ሳያቆም፣ «አላህ ያውቃል።»
«እሱማ ያውቃል» አልኩት፤ «የማላውቀው እኔ ነኝ።»
መሮው ቆመ።
«አውቀሽስ?» አለኝ።
ይህቺን ጥያቄ ነው ሌሊቱን የፈታኋት፤
ባበዛት፣ ባካፍላት፣ ሁልጊዜ ቀሪ አላት።

ኢፍራህ ለካ ሰምታናለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤
መጽሐፏን ሳትከድን፣ «እኔ አለሁ አይደል?» አለች፣ ቀላል ነገር መስሏት።
ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያስፈራኝ፤
አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስሄድ ለማን እንደምተወው ነገረችኝ።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ወይዘሮ ዙልፋን ጠየቅኳት፣
ሪያድን ሠላሳ አንድ ዓመት ያሳደገች እናት።
እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ዝም አለች።
«ፊቱን ሳላየው ሰምቼ ቢሆን እፈራው ነበር» አለች።
«አሁንም እፈራለሁ፤ እሱን ግን አይደለም፤
ማታ በሩን የሚከፍትለት፣ እኔ ከሌለሁ፣ ማንም የለም።»
ከዚያ ሳቀች፤ «ትናንት ደግሞ አንዱን ሹፌር ተቆጣልኝ፣
'እናቴን ጭቃ ረጨሃት' ብሎ፣ መንገድ ዘግቶ ይቅርታ አስጠየቀልኝ።»
የቱን እንደመከረችኝ አላውቅም፣ አድርጊ ወይስ ተዪ፤
ስወጣ ጃንጥላዋን ሰጠችኝ፣ «ሰማዩን እዪ።»

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤
ተማሪዎቼን ግን አንድም ቀን አልመረጥኩም።
በሁለቱ መካከል ነው ያለሁት፣
ወረቀቷንም በስም መጥሪያው ደብተር ውስጥ ነው አጥፌ ያኖርኩት።

ሐሙስ። ዶፍ። ጅሬን በጉም ተሸፍኗል።
ሂርማታ ላይ ሪያድ በቢጫ የዝናብ ልብሱ ባጃጆች ያሰልፋል፤
«ኮቺ! መርካቶ! ሆስፒታል!»
አየኝ። «ቲቸር ራዚያ! ወዴት?»
አፌ ቀደመኝ፤ «ሆስፒታል።»
«ታመሽ ነው?»
«አይ፣ ልጠይቅ ነው።»
«ማንን?»
ዝናቡ ሸራው ላይ ይንጣጣል።
«ገና አልተዋወቅንም» አልኩት።
ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩ ገብቶት፣
ወይም የገባው መስሎኝ፤
ከኋላ የተቀመጡትን ሁለቱን ጠጋ ጠጋ አስባለልኝ።
ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤
«ሞልቷል፣ በቃ፤ ትርፍ አልጭንም!»
ሪያድ አልሰማውም።
በጣቱ ቆጠረን፣ አንዴ፣ ደገመ፤
ከዚያ ወደ ዝናቡ ዞሮ፣ ውኃው በአገጩ እየወረደ፣
«አንድ ሰው!» ይላል፣ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»